የማኅበረሰብ ሊኑክስ በቨርችዋል ማሽን ላይ ሲጫን የአምራቹን ይፋዊ ድጋፍ የማግኛ መመሪያ

ጅማ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰርቨር ባለው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍሉ ሥራ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። ያ ሰው ኔትወርክ ይዘረጋል፣ ፕሪንተር ይፈታል፣ ደመወዝ ሲደርስ ከሒሳብ ክፍል ጋር ያመሻል፤ ሰርቨሩም የእሱ ነው። አንዱን ሰርቨር ለብዙ ምናባዊ (ቨርችዋል) ማሽኖች ለሚያካፍለው የቨርችዋላይዜሽን ሶፍትዌር በየዓመቱ ገንዘብ ይከፈላል፤ በላዩ የሚሠሩት ማሽኖች ግን ዴቢያን፣ አልማሊኑክስ ወይም ሮኪ ሊኑክስ የሚባሉ ነጻ የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ማሽን ላይሰንስ የሚገዛበት በጀት የለምና። በዚህ አሠራር ምንም ነውር የለበትም። ችግሩ ብቅ የሚለው አንድ ማሽን አልነሣ ብሎ ለቨርችዋላይዜሽን ሶፍትዌሩ አምራች የድጋፍ ክፍል የተጻፈ ዕለት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማሽኑ ላይ የተጫነው ሥርዓተ ክወና በእኛ ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ?» የሚል ይሆናል፤ መልሱ አስቀድሞ ካልተሰናዳ የተከፈለበት ውል በዚያች ሰዓት ከወረቀት አያልፍም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ያ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት መልሱን አዘጋጅቶ ለመጠበቅ ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት ቪኤምዌር ከሚባለው የቨርችዋላይዜሽን ሶፍትዌር የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ሁለቱ፣ የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪና ፕሮክስሞክስ፣ የሚለዩበት ቦታ ሲደርስ ይጠቀሳል። ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ደረጃ 1፦ ማን ለምን እንደሚጠየቅ ይለዩ

ዴቢያን በ1993 በኢያን መርዶክ ተጀምሮ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ሥርዓት ነው። ባለቤት የሆነ ኩባንያ ስለሌለው ውል የሚፈርም ወይም «እኔ እጠየቅበታለሁ» የሚል ወገን የለውም። አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ከጀርባቸው ፋውንዴሽን ቢኖራቸውም የፋውንዴሽኑ ሥራ ሥርዓቱን ማዘጋጀት እንጂ ለየመሥሪያ ቤቱ የጥገና ውል መስጠት አይደለም። በእኛ አነጋገር እነዚህ ሥርዓቶች ዋስ ያልቀረበላቸው ተበዳሪዎች ናቸው፤ ጨዋነታቸው አያጠራጥርም፣ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የሚፈርምላቸው ሰው ይፈለጋል።

የቨርችዋላይዜሽን አምራቹ «ይህን ሥርዓት እደግፋለሁ» ሲል ዋስ የሚሆነው ለራሱ ድርሻ ብቻ ነው። ድርሻው ለማሽኑ የሚያቀርባቸው ምናባዊ ፕሮሰሰር፣ ዲስክና ኔትወርክ ካርድ፣ እነዚህን የሚያንቀሳቅሱት ድራይቨሮች፣ እንዲሁም በማሽኑ ውስጥ የሚቀመጠው የማገናኛ ሶፍትዌር ነው። ማሽኑ ከአንዱ ሆስት (ማሽኖቹን ከሚሸከመው ሰርቨር) ወደ ሌላው ሲዛወር ቢንጠለጠል፣ ስናፕሾት (የማሽኑ የቅጽበት ቅጂ) ሲነሣ ዲስኩ ቢቆለፍ ወይም የኔትወርክ ካርዱ ፓኬት ቢጥል ጉዳዩ የእሱ ነው። በማሽኑ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ ቢዘገይ ወይም የዌብ ሰርቨሩ ሰርተፍኬት ጊዜው ቢያልፍ ግን አምራቹን መጠየቅ የቤት አከራይን ስለ ወጥ ጨው እንደ መጠየቅ ነው። ይህን ልዩነት ሳይለዩ የሚከፈት ቲኬት (የድጋፍ ጥያቄ) በመጀመሪያው ቀን ይዘጋል፤ ደጋግመው ከከፈቱም ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛ ችግር በጥርጣሬ ይታያል።

ደረጃ 2፦ ዝርዝሩን ከመጫንዎ በፊት ያንብቡ

ቪኤምዌር በኖቬምበር 2023 ብሮድኮም በሚባለው ኩባንያ ከተገዛ ወዲህ የተስማሚነት ዝርዝሩ የሚገኘው በብሮድኮም ድረ ገጽ ላይ ነው። ሲፈልጉ ሦስት ነገሮች በአንድ መስመር ላይ መገጣጠም አለባቸው፦ የሥርዓተ ክወናው ስም ከነቁጥሩ፣ ሆስቱ ላይ የሚጫነው የቪኤምዌር ሶፍትዌር የኢኤስኤክስአይ ቁጥር ከነአፕዴቱ፣ እና የድጋፉ ደረጃ። «ዴቢያን አለ» ብሎ ገጹን መዝጋት አይበቃም፤ ዴቢያን 11 በአንድ የኢኤስኤክስአይ እትም ላይ ተመዝግቦ ዴቢያን 13 ገና ያልተመዘገበበት ጊዜ ሊኖር ይችላል።

የድጋፉን ደረጃ የሚገልጹት ቃላት በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ሙሉ ድጋፍ የሚለው ግልጽ ነው። የሙከራ ደረጃ የሚለው ግን አምራቹ ሥርዓቱን እያየው ነው ማለት ስለሆነ ዋና ሥራ አይጣልበትም። ከዚያ ቀጥሎ ያረጀ፣ ሊቋረጥ የተቃረበ እና የተቋረጠ የሚሉ ደረጃዎች አሉ። ያረጀ የተባለው ማሽን ይሠራል፤ አዲስ ችግር ቢገኝበት ግን ማስተካከያ ይሠራለታል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በእኔ አስተያየት አዲስ ማሽን ሙሉ ድጋፍ ካለው በታች ባለ ደረጃ ላይ መተከል የለበትም፤ ነባሩ ግን ማዛወሪያ ቀን ተቆርጦለት ሊቆይ ይችላል።

ሃይፐር-ቪ ላይ ማይክሮሶፍት የሚደግፋቸውን የሊኑክስ ዓይነቶች ለየብቻቸው ዘርዝሮ፣ የትኛው ባሕርይ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚሠራ በሠንጠረዥ ያሳያል፤ ዴቢያን ከተዘረዘሩት መካከል ነው። ፕሮክስሞክስ ራሱ በዴቢያን ላይ የተገነባ ስለሆነ፣ ማለትም እትም 8 በዴቢያን 12፣ እትም 9 በዴቢያን 13 ላይ ስለቆመ፣ በዚያ በኩል የእንግዳው ማሽን፣ ማለትም በሆስቱ ላይ የሚሠራው ቨርችዋል ማሽን፣ ጉዳይ እምብዛም አያስጨንቅም።

ዝርዝሩን ካነበቡ በኋላ ገጹን ከነቀኑ በፒዲኤፍ አስቀምጠው በግዥ ፋይሉ ውስጥ ያያይዙት። ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው የሬድ ሃት ኩባንያ ሊኑክስ ነጻ ቅጂ የነበረውን የሴንትኦኤስን ነገር ያስታውስ። ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ይቆያል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሬድ ሃት በዲሴምበር 8 ቀን 2020 ባወጣው ማስታወቂያ ዕድሜው በ2021 መጨረሻ እንዲያበቃ ተደረገ። አልማሊኑክስ በማርች፣ ሮኪ ሊኑክስ ደግሞ በጁን 2021 የመጀመሪያ የተረጋጋ እትማቸውን ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሴንትኦኤስ 7 እስከ ጁን 30 ቀን 2024 ዘለቀ። በዚያ መካከል «ሴንትኦኤስ» የሚለውን ስም ብቻ አይቶ ሴንትኦኤስ ስትሪምን የጫነ ሰው የተመዘገበውን ሥርዓት ሳይሆን የስሙን ሞክሼ ነው የጫነው።

ደረጃ 3፦ ማሽኑን በትክክለኛ ስሙ ይትከሉ

አዲስ ቨርችዋል ማሽን ሲፈጠር የእንግዳውን ሥርዓት ዓይነት የሚጠይቅ ምርጫ ይመጣል። ብዙዎቻችን ስንቸኩል «ሌላ ሊኑክስ 64-ቢት» የሚለውን እንነካና እናልፋለን፤ እኔም በክረምት ማታ፣ መብራት ሊሄድ ነው እያልኩ፣ አንድ የዴቢያን ማሽን በዚህ መንገድ ተክያለሁ። ማሽኑ ያለ እንከን ሠራ። ከወራት በኋላ ኔትወርኩ በየጊዜው ሲቆራረጥ ቲኬት ከፈትኩ፤ ከድጋፍ ክፍሉ የመጣው ጥያቄ ግን «በመዝገባችን ይህ ማሽን ዴቢያን አይደለም፤ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ምርጫው ስም ብቻ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ የትኛውን ኔትወርክ ካርድና የዲስክ መቆጣጠሪያ እንደሚሰጥ የሚወስነው በዚያ ነው። እኔ የደረሰኝ ኢ1000 የሚባለው የድሮ ካርድ አስመሳይ ነበር።

ካርዱን ወደ ቪኤምኤክስኔት3 ቀይሬ ማሽኑን ሳስነሣ ጭራሽ ከኔትወርክ ጠፋ። ምክንያቱ የኋላ ኋላ ሲገባኝ ቀላል ነበር፤ ዴቢያን ለአዲሱ ካርድ የሰጠው ስም ኢኤንኤስ192 ሲሆን በማዋቀሪያው ፋይል የተጻፈው ግን የድሮው ኢኤንኤስ33 ነበር። ስለዚህ ካርድ የሚቀይር ሰው በኮንሶል ገብቶ ስሙን በፋይሉ ውስጥ ማስተካከልን ከመጀመሪያው በዕቅዱ ይያዝ። ከሩቅ በኤስኤስኤች ተገናኝቶ ይህን መሞከር የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው።

እንግዲህ አተካከሉ እንዲህ ይሁን። የእንግዳው ዓይነት ከነቁጥሩ ይመረጥ፤ የፈለጉት ቁጥር በምርጫው ውስጥ ከሌለ የቨርችዋል ሃርድዌሩ እትም ያረጀ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ከፍ አድርገው ይመልከቱ። ኢኤፍአይ ወይም ባዮስ የሚለው የማሽኑ አነሣስ ምርጫ ከመጫኑ በፊት ይወሰን፤ ከተጫነ በኋላ መቀየር ማሽኑ እንዳይነሣ ያደርገዋል። ኔትወርክ ካርዱ ቪኤምኤክስኔት3፣ የዲስክ መቆጣጠሪያው ፒቪስካዚ ቢሆን ድራይቨሮቻቸው ከእትም 2.6 ዘመን ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል (በሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ስላሉ ከውጭ የሚጫን ነገር የለም። ከርነሉም ከሥርዓቱ ማከማቻ (ሥርዓቱ ፕሮግራሞቹን ከሚያወርድበት ቦታ) የመጣው ይሁን፤ በእጅ የተጠናቀረ ከርነል ያለው ማሽን በስሙ ዴቢያን ቢሆንም አምራቹ የሞከረው ማሽን አይደለም።

የማገናኛው ሶፍትዌር ኦፕን-ቪኤም-ቱልስ ይባላል። ቪኤምዌር ኮዱን በ2007 ክፍት ያደረገው ሲሆን፣ ከሥርዓተ ክወናው ማከማቻ የሚጫነውን ይህንኑ እንድንጠቀም የሚመክረው ራሱ አምራቹ ነው፤ ዴቢያን ከ7 ጀምሮ ያካትተዋል። ከኢኤስኤክስአይ ጋር በሲዲ ምስል የሚመጣውን የቆየ ጫኝ በላዩ መደረብ አያስፈልግም። ሃይፐር-ቪ ላይ ድራይቨሮቹ በከርነሉ ውስጥ ስላሉ ዴቢያን ላይ የሚጨመረው ሃይፐርቪ-ዴሞንስ የሚባለው ጥቅል ብቻ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ማሽን ከሆነ ደግሞ በሴኪዩር ቡት ሥር የማይክሮሶፍት ዩኢኤፍአይ ሰርተፍኬት ባለሥልጣን የሚለው አብነት መመረጥ አለበት፤ አለበለዚያ የመጫኛው ዲስክ አይነሣም። ፕሮክስሞክስ ላይ የኪውኢኤምዩ የእንግዳ ወኪሉን ማስገባት ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ውሉ በማን ስም እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ ያረጋግጡ

ቴክኒኩ ምንም ያህል ቢሟላ ቲኬት መክፈት የሚችለው በአምራቹ መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሰው ነው። ላይሰንሱን አዲስ አበባ ያለ ሻጭ ሲገዛላችሁ ምዝገባው በሻጩ ኢሜይል ተሠርቶ የቀረ ከሆነ፣ በችግሩ ቀን የምትለምኑት አምራቹን ሳይሆን ሻጩን ይሆናል። ርክክብ ከመፈረሙ በፊት የድጋፍ መግቢያው ላይ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ገብተው የውሉን ቁጥር በዓይንዎ ይዩ። የግል ኢሜይል አይሁን፤ ባለሙያው ሥራ ሲቀይር ውሉ አብሮት ይሄዳል።

ብሮድኮም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለዘለቄታ የሚገዛ ላይሰንስ መሸጥ አቁሞ ሁሉንም በጊዜ ወደሚታደስ ክፍያ አዙሯል። ነጻው ኢኤስኤክስአይ በ2024 ተቋርጦ በ2025 ተመልሷል፤ ለመለማመጃ ጥሩ ነው፣ የድጋፍ ውል ግን የለውም። የፕሮክስሞክስ ክፍያ በፕሮሰሰር ሶኬት ቁጥር በዓመት ይሰላል፤ ኮሚዩኒቲ የሚባለው ዝቅተኛው ደረጃ የተፈተሸውን ማከማቻ ከመክፈት በቀር የቲኬት መብት እንደሌለው፣ ቤዚክ የሚባለው በዓመት 3፣ ስታንዳርድ 10 ቲኬት እንደሚሰጥ አውቆ መግዛት ይገባል። ርካሹን ገዝቶ ድጋፍ አለኝ ብሎ የሚያስብ መሥሪያ ቤት አይጠፋም።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ እድሳቱ ጊዜ ይወስዳል። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ውሉ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ግዥ ጸድቆ፣ ምንዛሪ ተፈቅዶ እስኪያልቅ ማሽኖቹ በክረምቱ መብረቅ ሥር ያለ ድጋፍ ይከርማሉ። በመጀመሪያው ግዥ ላይ ጥቂት ወራት ጨምሮ ማብቂያውን ወደ ጥቅምትና ኅዳር እንዲያወጣ ከሻጩ ጋር መነጋገር ይህን ይፈታል።

ደረጃ 5፦ ቲኬቱን በማስረጃ ይክፈቱ

ማሽን ሲወድቅ የመጀመሪያው ስሜት አጥፍቶ ማብራት ነው። አንድ ጊዜ ማድረግ ይፈቀዳል፤ ደጋግሞ ማድረግ ግን ማስረጃ ያጠፋል። ቪኤምዌር በእያንዳንዱ ማብራት ለማሽኑ አዲስ የሎግ ፋይል ይጀምርና የቆዩትን ቁጥራቸው ከተወሰነው ሲያልፍ ይሰርዛል። መብራት በሚመላለስባቸው የሐምሌ ቀናት የሚፈለገው ሎግ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኢኤስኤክስአይን በፍላሽ ወይም በኤስዲ ካርድ ላይ መጫን ነው፤ በዚህ ዓይነት አጫጫን የሆስቱ ሎግ በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ላይ ሊቀመጥ ስለሚችል መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም ይጠፋል። የሎጉን ማስቀመጫ ዲስክ ላይ ወዳለ ዳታስቶር (የማሽኖቹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታ) ማዛወር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዛሬውኑ ይሠራ።

ቪኤም-ሰፖርት በሚባለው ትእዛዝ ወይም ከድር ገጹ ማስተዳደሪያ የሎግ ጥቅሉን ያውጡ። ጥቅሉ ከፍ ያለ መጠን ስለሚኖረው በቀን ኔትወርኩ በተጨናነቀበት ሰዓት መላክ ተቋርጦ እንደገና መጀመርን ያመጣል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቢላክ ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ለእኛ ብቻ የተለየ ነው። የኢኤስኤክስአይ ሎግ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሲሆን ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እኛ ደግሞ ቀኑን የምንቆጥረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ነው። ስለዚህ በቀን ለሆነ ነገር በእኛ ሰዓት ላይ 3 መደመር የሎጉን ሰዓት ይሰጣል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የሆነው በሎጉ 7፡00 ላይ ይገኛል። ለምሽትና ለሌሊት 15 ይደመራል፤ በሁለቱም 12 ሰዓት እንደ 0 ይቆጠራል። ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 3፡20 ላይ ማሽኑ ከወደቀ ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ጁላይ 10 ቀን 2025፣ 18፡20 ነው። ድምሩ 24 ከደረሰ 24 ተቀንሶ ቀኑ በአንድ ይጨምራል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሆነው በማግሥቱ ቀን 1፡00 ሆኖ ይመዘገባል። ደጋፊው ባለሙያ በተሳሳተ ሰዓት ሎጉን ሲያስስ ውሎ «ምንም አላገኘሁም» ብሎ የሚመልስበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም።

የጽሑፉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ሆስቱ ይህ የኢኤስኤክስአይ እትምና የግንባታ ቁጥር አለው። እንግዳው ዴቢያን 12 ነው፤ ከርነሉና የኦፕን-ቪኤም-ቱልስ ቁጥሩ ይህ ነው፤ ሁሉም ከዴቢያን ማከማቻ የተጫኑ ናቸው። ይህ ጥምረት በተስማሚነት ዝርዝራችሁ ላይ ሙሉ ድጋፍ ያለው ነው፤ ገጹ ተያይዟል። ስናፕሾት በተነሣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ዲስኩ ይቆለፋል። በ18፡20 ሆኗል፤ በ19፡05 ሆን ብለን ደግመነዋል።» ልመናም ቁጣም የለበትም። የክብደት ደረጃ ሲጠየቁ ከፍተኛውን የሚመርጡት ዋና ሥራ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ስልኩ ሌሊት ሊደወል ስለሚችል የሚያነሣ ሰው መመደብ አለበት።

ደረጃ 6፦ ሥርዓቱ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ የዛሬውን ችግር ይፈታል፣ ሌላው ለነገ ነው።

የዛሬው መንገድ ያንኑ ችግር በተመዘገበ ሥርዓት ላይ ደግሞ ማሳየት ነው። በአንድ ሆስት ላይ፣ በተመሳሳይ ካርድና መቆጣጠሪያ፣ የተመዘገበ ሥርዓት ያለው አነስተኛ የመፈተሻ ማሽን ያስቀምጡ። አልማሊኑክስ ወይም ሮኪ ለሚጠቀም ሰው የሚቀርበው ዘመድ የሬድ ሃት ሥርዓት ነው፤ ሬድ ሃት ከ2021 ጀምሮ ለግለሰብ አልሚዎች እስከ 16 ሥርዓት ያለ ክፍያ ስለሚፈቅድ ለመፈተሻ የሚሆን ማሽን በዚህ ማቆም ይቻላል። ችግሩ በዚያም ላይ ከታየ «ሥርዓታችሁ አልተመዘገበም» የሚለው መልስ ውሃ አያነሣም፤ ቲኬቱን በመፈተሻው ማሽን ስም ይክፈቱ። በዚያ ካልታየ ግን ችግሩ የሥርዓተ ክወናው ነውና አምራቹን አያድክሙ፤ ዴቢያን ላይ ሪፖርትበግ በሚባለው መሣሪያ ለማኅበረሰቡ ማሳወቅ ፈጣኑ መንገድ ነው። አልማሊኑክስ ከ2023 ወዲህ የሬድ ሃት ቁርጥ ቅጂ መሆኑን ትቶ የፕሮግራሞችን ተስማሚነት ብቻ መጠበቅ መጀመሩን ማስታወስ ይጠቅማል፤ የሁለቱ ውጤት አንዳንዴ ሊለያይ ይችላል።

የነገው መንገድ አምራቹ ሥርዓቱን እንዲመዘግብ መጠየቅ ነው። ጥያቄው በድጋፍ ቲኬት ሳይሆን በማሻሻያ ጥያቄ መልክ፣ በሻጩ ወይም በደንበኛ ተወካዩ በኩል ይቀርባል። ክብደት የሚሰጡት ነገሮች ስንት ማሽን በዚያ ሥርዓት ላይ እንዳለ፣ ውሉ መቼ እንደሚታደስ፣ ድራይቨሮቹና የማገናኛው ሶፍትዌር በሥርዓቱ ማከማቻ ውስጥ መኖራቸው፣ እና የራስዎ የሙከራ ውጤት ናቸው፤ ማሽኑን ማብራትና ማጥፋት፣ ማዛወር፣ ስናፕሾት አንሥቶ መመለስ፣ ማሽኑን ሳያጠፉ ዲስኩን ማስፋት የሚሉት ሙከራዎች በአንድ ገጽ ይጻፉ። አንድ የጅማ መሥሪያ ቤት ብቻውን ብዙ ድምፅ የለውም፤ አንድ ሻጭ የሚጋሩ ሦስትና አራት መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቢያቀርቡ ግን ሻጩ ራሱ ጉዳዩን ይገፋል። በዚህ መካከል ለሥርዓተ ክወናው ድርሻ የሚጠየቅ ሰው ከተፈለገ፣ ለአልማሊኑክስ ቱክስኬር፣ ለሮኪ ሲአይኪው፣ ለዴቢያን ደግሞ ፍሬክሲያንና በዴቢያን ድረ ገጽ በየአገሩ የተዘረዘሩት አማካሪዎች በክፍያ ያገለግላሉ።

ደረጃ 7፦ ቀኖቹን ሰርቨሩ በር ላይ ይለጥፉ

የሚለጠፉት ሦስት ዓይነት ቀኖች ናቸው፤ የውሉ ማብቂያ፣ የኢኤስኤክስአይ እትሙ ማብቂያ እና የእያንዳንዱ እንግዳ ሥርዓት ማብቂያ። ኢኤስኤክስአይ 7ን የያዘው የቪኤምዌር ጥቅል ቪስፌር 7 አጠቃላይ ድጋፉ በኦክቶበር 2 ቀን 2025 አብቅቷል። ዴቢያን 11 የረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ ኦገስት 31 ቀን 2026፣ ዴቢያን 12 ደግሞ እስከ ጁን 30 ቀን 2028 ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የግዥ ክፍሉ በኢትዮጵያ፣ አምራቹ በአውሮፓ ቀን ነውና የሚያነቡት። ከሦስቱ ቀድሞ የሚደርሰው ቀን 6 ወር ሲቀረው ዝርዝሩን እንደገና ከፍተው አዲሱን ጥምረት ይፈልጉ፤ ያገኙትን ገጽም ከድሮው ፒዲኤፍ ጎን ያስቀምጡት።